ሃያ አራት ዕጣ፣ አራት ግራውንድ

ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት እንዲህ ይላል፦ «አንድ የአትክልት ተራ ነጋዴ ሠላሳ ሣጥን ቲማቲም አለው። የአምስቱ ሣጥን ቲማቲም ተበላሽቷል። ሣጥኖቹ በደንብ ተደባልቀዋል። ሠላሳ ቸርቻሪዎች ውስጡን ሳያዩ ተራ በተራ አንዳንድ ሣጥን ያነሳሉ። ለአሥራ ሰባተኛው ሰው የተበላሸ ሣጥን የመድረሱ ዕድል ስንት ነው?»

መልሱ አንድ ስድስተኛ ነው። ለመጀመሪያውም ሰው አንድ ስድስተኛ፣ ለመጨረሻውም አንድ ስድስተኛ። ተማሪዎች አያምኑም። ረጅም ስሌት ይጀምሩና ገጹ መሃል ላይ ይጠፋሉ። ያኔ የሺዓለም እስክሪብቶውን ከእጃቸው ወስዳ ከስሌቱ በታች አንድ መስመር ትጽፋለች፦ ሣጥኑ እስካልተከፈተ ድረስ ተራ ዋጋ የለውም።

ጥያቄውን ከጻፈችው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ፒያሳ ከአንድ ኬክ ቤት በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ስታትስቲክስ ታስጠናለች። ወደ እሷ የሚመጡት በማታው መርሃ ግብር አካውንቲንግና ማኔጅመንት የሚማሩ፣ ቀን ቀን ባንክና ሱቅ የሚሠሩ፣ ይህን ኮርስ አንዴ ወይም ሁለቴ የወደቁ ናቸው። የምታዘጋጀው የመለማመጃ ጥያቄ ስድሳ ነው፤ አሥራ ሁለት ገጽ። ከደረጃው ሥር ያለው ፎቶኮፒ ቤት «የየሺ ወረቀት» እያለ ይሸጠዋል። በወረቀቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ በእግሯ ከምትደርስበት ቦታ የመጣ ነው፦ ስንት ሰው ማኪያቶ እንደሚያዝ፣ ታክሲ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ፣ ከወርቅ ቤት ከሚወጡ መቶ ቀለበቶች ስንቱ ለጥገና እንደሚመለስ።

ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ነው። ተወልዳ ያደገችው ከጊዮርጊስ በስተጀርባ ባለ መንደር፣ በቀበሌ ቤት ነው። ያገባችውም እዚያው ነው። ባሏ ኪዳነማርያም የጽሕፈት መኪና፣ በኋላም የካሽ ሬጅስተር ጠጋኝ ነበር። ትልቅ ሰው ነው፤ ዘጠና ስድስት ኪሎ። ከዘጠኝ ወር በፊት ስትሮክ መታው። ግራ ጎኑ ሞተ፣ ምላሱ ከበደ። አሁን ሁለት ሰው ከያዘው ይቆማል። ማክሰኞ ማክሰኞ ፊዚዮቴራፒ ይሄዳል። ቤቱ መንገድ ዳር ስለሆነ ታክሲ በር ድረስ ይመጣል። ደረጃ አይወጣም።

በጥቅምት መንደሩ እንደሚነሳ ተነገረ። ሃያ አራት ቤተሰብ ነው። ምትክ ቤት ከአትክልት ተራ ከፍ ብሎ በተሠራ ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ላይ ተዘጋጅቷል። በእያንዳንዱ ፎቅ አራት ቤት፣ ግራውንድ ላይም አራት። ለሊፍት ቦታ ተትቶለታል፤ ሊፍት የለም። ማን የትኛው እንደሚደርሰው በዕጣ ይወሰናል።

የሺዓለም ግራውንድ እንዲሰጣት የሐኪም ወረቀት ይዛ ዕጣውን ወደሚያወጣው ኮሚቴ ሄደች። ሰብሳቢው በትሕትና አስተናገዳት። በሃያ አራቱ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ አዛውንት ወይም በሽተኛ አለ፣ ለአንዱ ብሰጥ ለአሥሩ ምን እላለሁ አላት። ከዚያ ሕንጻውን ለማየት ሄደች። የደረጃውን ስፋት በክንዷ ለካች። መደገፊያው ብረት ገና አልተገጠመም። አራተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

በሐሳቧ ያየችው ይህ ነው፦ ኪዳነማርያም ላይ ሁለተኛው ስትሮክ ይመጣል፣ እሷ ብቻዋን ናት፣ አምቡላንሱ ታች ቆሟል። ወይም እሳት ይነሳል፣ ሰው ሁሉ ይሮጣል፣ እሱ አልጋው ላይ ነው። ግራውንድ ያለመድረሱ ዕድል አምስት ስድስተኛ። ከመቶ ሰማንያ ሦስት። በዕድሜዋ በሺህ የሚቆጠር ክፍልፋይ ጽፋለች። ምግብ እንዳትውጥ ያደረጋት ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

በእድሩ ድንኳን ውስጥ ሰፈሩ ስለ ተራ ተሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ በሽተኛ ያለበት ቤት ይቅደም ብለው አንደኛውን ተራ ለየሺዓለም ሰጡ። ለሁለተኛው ተራ ሁለት ቤተሰብ ሊደባደብ ደረሰ። ያኔ አንዱ የዕጣን ነገር የምታስተምረው እሷ አይደለችም ወይ አለ። ቆመችና አሥር ደቂቃ አስረዳች። ቀድሞ ያወጣም ቆይቶ ያወጣም ዕድሉ አንድ ነው፣ አትጣሉ አለች።

ከኋላ ዑዘይር ተናገረ። ወርቅ ሠሪ ነው፣ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ፣ አፉ የሰፈሩ መዝናኛ።

«እትዬ የሺ፣ እኩል ከሆነማ አንደኛውን ተራ ይልቀቁና እንመንዎት።»

ሰው ሳቀ። የሺዓለም አልሳቀችም። አሥራ ሁለተኛው ተራ የወይዘሮ እንቁ ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ ቆመው መጠበቅ የሚቸግራቸው ሴት ናቸው። እዚያው በሰው ፊት ተራዋን ለወጠቻቸው። ወይዘሮ እንቁ ግንባሯን ስመው መረቋት።

ቤት ገብታ ለኪዳነማርያም ነገረችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥያቄዎቿን መጀመሪያ የሚሠራላት እሱ ነበር።

«አንደኛ ነበርን?» አለ፣ ቃሉን እየጎተተ።

«ነበርን።»

«ጥሩ ነበር።»

ለውጥ እንደሌለው እንደገና ልታስረዳው ጀመረች። ገብቶኛል አላት፤ ጥሩ ነበር ግን።

ዓርብ ዕለት ክፍል ውስጥ ጥያቄ ቁጥር አሥራ አራት ላይ ደረሱ። ዳናይት የምትባል የባንክ ሠራተኛ እጇን አወጣች። «በደንብ ተደባልቀዋል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ባይጻፍስ ብላ ጠየቀች። የሺዓለም እንደዚያ ከሆነ ጥያቄው መልስ የለውም አለቻትና ወደ አሥራ አምስት አለፈች።

ዕጣው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር፣ በአንድ አዳራሽ ውስጥ። ኪዳነማርያምን ጎረቤት ጋ ትታ መጣች። ሰብሳቢው ለግልጽነት ብሎ ሃያ አራቱን ወረቀት ሁሉም እያየ ጻፈ። ከአምስተኛ ፎቅ ጀመረ። አራት ጽፎ፣ አራት ቦታ አጥፎ፣ ፓስታ የመጣበት ጠባብ ካርቶን ውስጥ ጨመረ። አራተኛ ፎቅ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ አንደኛ። በመጨረሻ አራቱን ግራውንድ ጨመረ። የካርቶኑን አፍ በጨርቅ ሸፈነና ሁለት ጊዜ ቀስ አድርጎ ወዘወዘው፤ ዕቃ እንዳይሰበር እንደሚጠነቀቅ ሰው። የሺዓለም ይህን ሁሉ አይታለች። ያየችውን ግን አላሰበችውም። የምታስበው አሥራ ሁለተኛ ተራዋን ነበር።

ወይዘሮ እንቁ ተጠሩ። እጃቸውን ከጨርቁ ሥር አስገቡ። እስከ እጅ አንጓቸው እንኳ አልገባም፤ ጣታቸው ያገኘውን አወጡ። ሰብሳቢው ገልጦ አነበበ። ግራውንድ። ሴቶች እልል አሉ።

የሺዓለም አጨበጨበች። ያ ወረቀት የእሷ ይሆን ነበር ማለት አይቻልም፣ እጅ ሌላ ነው፣ አነሳሱ ሌላ ነው ብላ ራሷን ያዘች።

ሁለተኛው ሰው አንደኛ ፎቅ። ሦስተኛው ዑዘይር ነበር፤ ግራውንድ። አራተኛዋ ሴት አንደኛ ፎቅ። አምስተኛው ሰው ግራውንድ።

አምስት ወረቀት ወጣ። ከአንደኛ ፎቅ በላይ አንድም አልወጣም።

ስሌቱን አልጠራችውም፤ ራሱ መጣ። መጨረሻ የገቡት፣ የግራውንድና የአንደኛ ፎቅ፣ ስምንት ወረቀቶች ናቸው። ስምንት ለሃያ አራት፣ ሰባት ለሃያ ሦስት፣ ስድስት ለሃያ ሁለት፣ አምስት ለሃያ አንድ፣ አራት ለሃያ። ወረቀቶቹ ተደባልቀው ቢሆን ኖሮ ይህ የሚሆነው ከሺህ አንዴ ገደማ ነው። አልተደባለቁም። እንደገቡ ተደራርበው ተቀምጠዋል፤ ሰውም ከላይ ከላይ እያነሳ ነው። የቀረው አንድ ግራውንድ ለሚቀጥለው ሰው ወይም ከእሱ ለሚከተለው ይወጣል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ካርቶኑ ውስጥ የሚጠብቃት ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ ነው።

ስድስተኛው ሰው ስሙ ተጠርቶ ከወንበሩ እየተነሳ ነበር።

ሦስት መንገድ ነበራት። ዝም ካለች ዕድሏ ባዶ ነው። የቀሩት ይደባለቁ ካለች አንድ አሥራ ዘጠነኛ ነው። ሁሉም ይሰረዝና እንደ አዲስ ይጀመር ካለች አንድ ስድስተኛ ነው። ትልቁ ቁጥር የመጨረሻው ነው። እሱ ግን ከወይዘሮ እንቁ እጅ ላይ ወረቀቱን ይወስዳል።

እጇን አወጣች። ስትነሳ ወንበሩ ከኋላዋ ወደቀ።

«ወረቀቱ ይደባለቅ» አለች።

ሰብሳቢው ምነው ብሎ ጠየቃት። ከላይ ያለው ብቻ እየወጣ ነው አለችው፤ ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። አዳራሹ ተነሳ። ዘጠነኛ ተራ ላይ የነበረ ሰው እንደዚያ ከሆነ ያለፈው ይሰረዛ አለ። ሌሎች ተከተሉት። አምስቱ ቀድመው ያወጡት ሰዎች ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ዑዘይር ወረቀቱን ኪሱ ከተተ። ወይዘሮ እንቁ የእሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው የሺዓለምን ያዩዋታል።

ሰብሳቢው እጁን አንሥቶ ዝም አሰኘ።

«ወይዘሮ የሺዓለም፣ እርስዎ አስተማሪ ነዎት። በግልጽ ይንገሩኝ። ያለፈው ዕጣ ተበላሽቷል ወይስ አልተበላሸም?»

መልሱ ነበራት። ከሺህ አንዴ። ይህን ብትል አዳራሹ ሙሉ ያምናታል፤ እድሩ ድንኳን ውስጥ እንዳመናት። አሥራ ስምንት ሰው ያመሰግናታል። አምስቱ ደግሞ በቀረው ዕድሜዋ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ከእሷ ጋር ይኖራሉ። ኪዳነማርያም አልጋው ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ፈራች። የትኛውን እንደፈራች ለይታ መናገር አትችልም፤ የሽማግሊቱን ዓይን ይሁን፣ የሰውን ጩኸት፣ ወይስ ቁጥሩን ተናግራ እንደ አዲስ ተጀምሮ አሁንም አምስተኛ ፎቅ እንዳይደርሳት።

«አላውቅም» አለች። «የቀረው ብቻ ይደባለቅ።»

መልሱን እያወቀች አላውቅም ያለችው በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሰብሳቢው ተነፈሰ። አሥራ ዘጠኙን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ሁለት ሰዎች በመዳፋቸው አማሰሉትና መለሱት። ከዚያ በኋላ የወጣው ሁሉ የተበታተነ ነበር። ስድስተኛው አራተኛ ፎቅ። ሰባተኛው ሁለተኛ። ስምንተኛው አምስተኛ፤ ሚስቱ አለቀሰች። የሺዓለም ለሰው ማዘን አልቻለችም። ግራውንድ ባልወጣ ቁጥር ክፍልፋዩ ያድጋል። አንድ አሥራ ሰባተኛ። አንድ አሥራ ስድስተኛ። አሥራ አንደኛው ሰው ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣለት ካርቶኑ ውስጥ አሥራ ሦስት ወረቀት ቀርቶ ግራውንዱ ገና አልወጣም ነበር።

ስሟ ተጠራ። እጇን እስከ ክርኗ አስገባች። አንዱን ያዘች፣ ለቀቀች። ለውጥ እንደሌለው ታውቃለች። ሌላ ያዘች፣ አወጣች። ራሷ አልገለጠችውም።

ሦስተኛ ፎቅ።

የመጨረሻው ግራውንድ በአሥራ ስምንተኛው ሰው ወጣ።

በአሥር ቀን ውስጥ ሁለቱ ወገን ከፈረሙ ቤት መለዋወጥ ይፈቀዳል። ወይዘሮ እንቁን ልትጠይቅ አልሞከረችም፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሰላምታ አቁመዋል። በአምስተኛው ቀን ወደ ዑዘይር ሄደች። የሚሠራው ፒያሳ ከአንድ ወርቅ ቤት በስተኋላ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። የአንገት ሐብል እየበየደ ነበር። ችቦውን አጥፍቶ ተነሣላት፣ ወንበሩን ለቀቀላት።

የኪዳነማርያምን ሁኔታ ነገረችው። ያውቃል። ሁለት ጊዜ አሽተውታል እነዚህ እጆች አለ፣ እጆቹን እያሳያት። ግን ግራውንዱን ወርክሾፕ ሊያደርገው አስቧል፤ የዚህች ክፍል ባለቤት እያስለቀቀው ነው፣ ጋዝና ምድጃ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ አያስወጡትም። ከዚያ ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«እውነቱን ልንገርዎ እትዬ። ያን ቀን ባይናገሩ ኖሮ እሰጥዎ ነበር። እኔ ጋ ያለውን ሊያስነጥቁኝ ተነሥተው እንዴት ነው አሁን የምሰጥዎ?»

«ላስነጥቅህ ብፈልግ እችል ነበር» አለችው።

«ይችሉ ነበር?»

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። እሱም እያወቀች እንደተወችለት ገባውና ዓይኑን ወደ ሐብሉ መለሰ። ግራ የገባው ይመስል ነበር። መልሱ ግን አልተለወጠም። እስከ በር ሸኛት፣ ለጋሼ ኪዳኔ ሰላምታ ላከ።

ወደ ጊዮርጊስ ስትወጣ የነገራትን አሰበች። ዝም ብትል ኖሮ ይሰጣት ነበር ወይ? ይህ ጥያቄ ስሌት የለውም። አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ካርቶን፣ አንድ ጊዜ። ደግሞ አይሞከርም። ቢሞከር የምታደርገውንም አታውቅም።

መንደሩ በኅዳር ለቀቀ። ኪዳነማርያምን የሚያወጡት ከአትክልት ተራ አራት ተሸካሚዎች ነበሩ። አለቃቸው መድኃኔ ይባላል፣ ሃምሳ ኪሎ ሽንኩርት አንገቱ ላይ አድርጎ የሚሮጥ ሰው ነው። እጀታ ያለው የእንጨት ወንበር መረጠ፣ በሽተኛውን በሁለት ነጠላ ከወንበሩ ጋር አሰረው። ሽንኩርት አይናገርም፣ እርስዎም ዝም ይበሉ አለው። ኪዳነማርያም በግማሽ ፊቱ ሳቀ።

በግራውንድ በኩል ሲያልፉ የወይዘሮ እንቁ በር ዝግ ነበር። ከውስጥ ራዲዮ ይሰማል። መደገፊያው ብረት አሁንም አልተገጠመም። ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ የአንደኛው ተሸካሚ እግር ተንሸራተተ። ወንበሩ ወደ ባዶው በኩል አዘነበለ። የሺዓለም ከኋላ ሆና የባሏን ጭንቅላት ከደረጃው ጠርዝ ውጭ አየችው፤ በሥሩ ሁለት ፎቅ ነበር። መድኃኔ በትከሻው ገፍቶ መለሰው። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርሱ ግድግዳውን ይዛ ቆየች።

መድኃኔ ላቡን እየጠረገ መቼ እናውርዳቸው አላት። ማክሰኞ አለችው። ማክሰኞ የሽንኩርት መኪና ይገባልና ሥራ ይበዛል፣ እንሞክራለን አለ።

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስት ሆነው መጡ። አራተኛው ወገቡን ታሞ ቀርቷል። ከሰዓት በኋላ ሰው ፈልገን እንምጣ አለ መድኃኔ። የፊዚዮቴራፒው ቀጠሮ ግን ሦስት ሰዓት ነው፣ የሚቀጥለው ደግሞ ከሳምንት በኋላ። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ከዘለለ እጁ እንደተጨማደደ ይቀራል ብሏታል። ከመስኮቱ ታክሲው በር ላይ ቆሞ ይታያል።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ጫማዋን አወለቀች። የወንበሩን አራተኛ እግር፣ ከላይ በግራ በኩል ያለውን፣ ያዘች።

«እትዬ፣ ይሄ ሸክም ነው» አለ መድኃኔ።

«ስንት ኪሎ እንደሆነ አውቃለሁ።»

እሱም ሁለቱ ጓደኞቹም ተያዩ። ከዚያ እሱ ወደታችኛው በኩል ወረደና ክብደቱን ወደ ራሱ ሳበ። አነሱ። ክንዷ ከትከሻዋ የሚነቀል መሰላት። ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሙ።

«የሺ» አለ ኪዳነማርያም። ፊቱ ወደ ባዶው ነው፤ አያያትም።

«አቤት።»

«ፈርተሻል?»

«አዎ።»

«እኔም» አለ። «በይ እንሂድ።»

መድኃኔ ቁጥር ጠራ። የመጀመሪያውን ደረጃ ወረዱ። ባዶ እግሯ ቀጣዩን ሲሚንቶ በጣቶቿ ፈልጎ አገኘው።